የማይታየውን የቈጠሩ ሊቅ፤ የብሩኖ ሮሲ ሕይወትና ሥራ

በዓለም ላይ ካለው ነገር ሁሉ የሰው ዓይን የሚያየው ጥቂቱን ብቻ እንደ ሆነ አስተዋይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የማይታይ ነገር አለ ብሎ ማመን ለማንም የተቻለ ነው፤ የማይታየውን ቈጥሮ፣ መጠኑን ለይቶና የመጣበትን አቅጣጫ አመልክቶ ለሰው ሁሉ ማስረዳት ግን ብዙ ድካምና ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ጥበብ ነው። ዛሬ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ከተማ የሚኖር ሰው አጥንቱ ተሰብሮ ወይም ሳንባው ታሞ ወደ ሐኪም ቤት የሄደ እንደ ሆነ ሐኪሙ ወደ ራጅ ክፍል ይልከዋል። በሽተኛው በዚያ ክፍል ቆሞ ሳለ በገላው ውስጥ የሚያልፈውን ጨረር አያየውም፤ አይሰማውም፤ አይሸተውም። ይህ ጨረር በልክ ሲሆን ጥቅም፣ ከልክ ሲያልፍ ጕዳት ስለሆነ፣ ልኩን የሚያሳውቅ መሣሪያ ባይገኝ ኖሮ ሐኪሙም በሽተኛውም በጨለማ እንደሚሄድ ሰው በሆኑ ነበር።

ጨረርን የመለካትና የመቍጠር ጥበብ ዛሬ ካለበት ደረጃ እንዲደርስ ከደከሙት ሊቃውንት መካከል አንዱ ኢጣልያዊው ብሩኖ ሮሲ ናቸው። ታሪካቸውን ለአንባቢ ለማቅረብ የፈለግነው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከሥራቸው ዋና ከሆኑት ክፍሎች አንዱ የተፈጸመው በእኛው ጎረቤት፣ በአሥመራ ደጋ ላይ ስለሆነ ነው። ሁለተኛው፣ አገራችንን በግፍ የወረረው የፋሺስት መንግሥት እሳቸውንም ከአገራቸው ያባረረ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ብሩኖ ሮሲ በሚያዝያ ወር 1905 ዓ.ም. በቬኒስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሲሆኑ የቬኒስ ከተማ የኤሌክትሪክ ብርሃን እንዲያገኝ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ልጃቸው እስከ 14 ዓመቱ ድረስ በቤት ውስጥ ከተማረ በኋላ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም ሮሲ በፓዱዋና በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው በ1927 የፊዚክስን ትምህርት በማዕርግ ፈጸሙ። በተከታዩ ዓመት በፍሎረንስ ከተማ አጠገብ በአርቼትሪ ኮረብታ ላይ በሚገኘው የፊዚክስ ቤት ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። አርቼትሪ ታላቁ ሊቅ ጋሊሌዮ የመጨረሻ ዕድሜውን ያሳለፈበትና በ1642 የሞተበት ሥፍራ ነው። ወጣቱ ሮሲ የሚያገኙት ገንዘብ ጥቂት፣ መሣሪያውም አነስተኛ ነበረ፤ ዳሩ ግን በዙሪያቸው የተሰበሰቡት ወጣቶች ለዕውቀት የነበራቸው ጥማት የጐደለውን ሁሉ ይሞላው ነበር።

በዚያ ዘመን የዓለምን ሊቃውንት ያስጨነቀ አንድ ጥያቄ ነበረ። የኦስትሪያው ሊቅ ቪክቶር ሄስ በነሐሴ ወር 1912 በባሉን ተሳፍረው ከ5,000 ሜትር በላይ ወደ አየር በወጡ ጊዜ፣ ከምድር እየራቁ በሄዱ መጠን ጨረር እየበዛ መሄዱን አገኙ። ጨረሩ ከምድር የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ከምድር ሲርቁ መቀነስ ይገባው ነበር፤ እየበዛ ከሄደ ግን የሚመጣው ከላይ፣ ከጠፈር ነው ማለት ነው። ስለዚህም የጠፈር ጨረር የሚል ስም ተሰጠው። ነገር ግን ይህ ጨረር ምን እንደ ሆነ፣ ብርሃን መሰል ማዕበል ይሁን ወይም እንደ ደቃቅ ጥይት የሚበር ቅንጣት ይሁን ማንም በርግጥ አላወቀም። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ሊቅ ሮበርት ሚሊካን ከብርሃን ወገን የሆነ ጨረር ነው ብለው ያስተምሩ ነበር፤ የኖቤልን ሽልማት ቀድሞ የተቀበሉ ሰው ስለ ነበሩም የሚቃወማቸው ጥቂት ነበር።

ክርክሩን ለመፍረድ የሚያስችል መሣሪያ በ1928 ተገኘ። ጀርመኖቹ ሃንስ ጋይገርና ዋልተር ሙለር የሠሩት ቈጣሪ በስስ ጋዝ የተሞላ የብረት ቱቦ ሲሆን በመካከሉ ቀጭን ሽቦ ተወጥሯል። በሽቦውና በቱቦው መካከል ብርቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ይደረጋል። አንዲት የጨረር ቅንጣት በቱቦው ውስጥ ስታልፍ ከጋዙ ጥቂት ኤሌክትሮኖችን ታላቅቃለች፤ እነዚያም ወደ ሽቦው ሲሮጡ ሌሎችን እያላቀቁ ስለሚሄዱ፣ ከተራራ የተንከባለለች አንዲት ድንጋይ ብዙ ድንጋይ እንደምታስከትል ሁሉ፣ ከአንዲት ቅንጣት ሊቈጠር የሚችል የኤሌክትሪክ ምት ይወለዳል። ይህ ቈጣሪ ግን አንድ ጕድለት ነበረበት። ቅንጣት አለፈች ብሎ ይናገራል እንጂ ከየት እንደ መጣችና ወዴት እንደ ሄደች አይናገርም።

በ1929 ቦተና ኮልሆርስተር የተባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት ሁለት ቈጣሪዎችን አንዱን በአንዱ ላይ አድርገው፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲመቱ አንዲት ቅንጣት ሁለቱንም ሰንጥቃ እንዳለፈች ይታወቃል ብለው ጻፉ። ሮሲ ይህን ጽሑፍ ባነበቡ ጊዜ አዲስ መንገድ ታያቸውና በጥቂት ጊዜ ውስጥ በራዲዮ ቫልቮች የተቀናበረ አንድ የኤሌክትሪክ ሰርኪት ፈጠሩ። ይህም ሰርኪት ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም የበለጡ ቈጣሪዎች በአንድ ቅጽበት ሲመቱ ብቻ ድምፅ የሚሰጥ፣ አንዱ ብቻውን ቢመታ ግን ዝም የሚል ነው። በ1930 በመጽሔት ታትሞ ሲወጣ በየአገሩ ያሉ የጥናት ቤቶች ወዲያው ተቀበሉት።

የዚህ ሥራ ምሥጢር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በሽማግሌዎች ሸንጎ ፊት የአንድ ምስክር ቃል ብቻውን ፍርድ እንደማያስቈርጥ፣ ሁለትና ሦስት ምስክሮች ተለያይተው ቆመው በአንድ ቃል ሲተባበሩ ግን እውነቱ እንደሚጸና ማንም ያውቃል። ሮሲ ያደረጉት ይህን የዳኝነት ሥርዓት ወደ ተፈጥሮ ምርመራ ማግባት ነው። ቈጣሪዎቹ ምስክሮች፣ ሰርኪቱም የምስክሮቹን ቃል የሚያስተያይ ዳኛ ሆነ። ሁሉም አዎን ሲሉ ብቻ አዎን የሚለው ይህ አሠራር ኋላ በኮምፒውተር ውስጥ ከሚገኙት መሠረታዊ ክፍሎች አንዱ ሆኗል። ለካንሰር ምርመራ የሚሠራበት ፔት የተባለው መሣሪያም ከበሽተኛው ገላ ወደ ሁለት ወገን በአንድ ቅጽበት የሚወጡትን ጨረሮች የሚይዘው በዚሁ በሁለት ምስክር ሕግ ነው።

ሮሲ በዚህ መሣሪያ አማካይነት በቈጣሪዎቹ መካከል የእርሳስ ግድግዳ እያቆሙ ጨረሩን መረመሩ። ከጠፈር ከሚመጡት ቅንጣቶች መካከል ከአንድ ሜትር በላይ የወፈረ እርሳስ ሰንጥቀው የሚያልፉ እንዳሉ አገኙ። ደግሞም አንዲት ቅንጣት እርሳሱን ስትመታ ብዙ ቅንጣቶች እንደ ውርጅብኝ እንደሚፈልቁ ተመለከቱ። ይህ ነገር እጅግ እንግዳ ስለ ነበረ የመጀመሪያው መጽሔት ጽሑፋቸውን አላምንም ብሎ መለሰው፤ ጀርመናዊው ሊቅ ሃይዘንበርግ ስለ እውነተኛነታቸው ከመሰከሩላቸው በኋላ ግን በሌላ መጽሔት ታተመ። በ1931 በሮማ በተደረገው የሊቃውንት ጉባኤ ላይም ገና 26 ዓመት የሆናቸው ሮሲ በሚሊካን ፊት ቆመው የሚሊካንን አሳብ በማስረጃ ተቃወሙ። ታላቁ ሰው ቢቈጡም ማስረጃው ግን በቍጣ የሚፈርስ አልነበረም።

አሁን ወደ አሥመራ ጕዞ እንመለስ። ምድር ራስዋ ታላቅ ማግኔት እንደ መሆንዋ ኤሌክትሪክ የያዘ ቅንጣት ወደርስዋ ሲመጣ መንገዱን ታጣምመዋለች። ሮሲ ይህን አሳብ በ1930 በስሌት ተከትለው፣ የጠፈር ቅንጣቶች ፖዘቲቭ ኤሌክትሪክ የያዙ እንደ ሆኑ ከምዕራብ የሚመጡት ይበዛሉ፤ ኔጋቲቭ የያዙ እንደ ሆኑ ደግሞ ከምሥራቅ የሚመጡት ይበዛሉ ሲሉ አስቀድመው ተናገሩ። ልዩነቱ ጐልቶ የሚታየው ግን ወደ ምድር ወገብ በቀረበና ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቦታ ነው። በኢጣልያ ተራሮች ላይ ይህን ለማየት አይቻልም። ስለዚህ በ1933 ሮሲና የሥራ ባልደረባቸው ሰርጆ ዴ ቤኔዴቲ መሣሪያቸውን በመርከብ ጭነው፣ በዚያን ጊዜ በኢጣልያ ቅኝ ግዛት ሥር ወደ ነበረችው ኤርትራ መጡና ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአሥመራ ደጋ ሰፈሩ።

ሁለቱን ቈጣሪዎች እንደ መነጽር አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ እያዞሩ ቈጠሩ። ከምዕራብ የሚመጣው ከምሥራቁ በግልጽ በለጠ። የጠፈር ቅንጣቶች አብዛኞቹ ፖዘቲቭ መሆናቸው በዚህ ታወቀ፤ በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ሊቃውንት ግን ኔጋቲቭ የሆኑ ኤሌክትሮኖች ይሆናሉ ብለው ይገምቱ ነበር። ሮሲ ደስ ብሏቸው ለመመለስ ሲዘጋጁ፣ አሜሪካውያን በሜክሲኮ ከተማ ያንኑ ነገር ቀድመው ማግኘታቸውን የሚገልጽ ወሬ ደረሳቸው። የገዛ አሳባቸውን ሌሎች ቀድመው ስለ ፈጸሙት አዘኑ፤ ነገር ግን ሥራቸውን አልጣሉትም። በዚያው በአሥመራ እርስ በርሳቸው ተራርቀው የተቀመጡ ቈጣሪዎች አልፎ አልፎ በአንድ ቅጽበት ሲመቱ አይተው፣ ከሰማይ ሰፊ ቦታ የሚሸፍን የቅንጣቶች ውርጅብኝ እንደሚወርድ ጻፉ። ይህ ግኝት ከአምስት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ፒየር ኦዤ አስፋፍተው መርምረውት በስማቸው ይጠራል፤ በመጀመሪያ የታየው ግን በአሥመራ ሰማይ ሥር ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በአሥመራ ሰማይ ላይ የሚያልፈው ቅንጣት ሲቈጠር፣ ከሰማዩ በታች የሚኖሩት የኤርትራ ተወላጆች ልጆች ግን በቅኝ ገዥው ሥርዓት ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ተከልክለው ነበር። ደጋው የሕዝቡ፣ ሰማዩም የሁሉ ሲሆን፣ መቍጠሪያውን ለመንካትና ምሥጢሩን ለመማር የተፈቀደለት ባዕድ ብቻ ነበረ። ሮሲ የመጡት ዕውቀት ፍለጋ ነው፤ መንግሥታቸው ግን ያንኑ ምድር ለሌላ ነገር ያዘጋጀው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በጥቅምት ወር 1935 የሙሶሊኒ ጦር ከዚያው ከኤርትራ ተነሥቶ መረብን ተሻገረ። ከኢጣልያ የጥናት ቤት የወጣው ጥበብ አሁን የመርዝ ጋዝ ሆኖ በሕዝባችን ላይ ዘነበ። በየካቲት ወር 1937 ፋሺስቶች ጀግናውን ልዑል ራስ ደስታ ዳምጠውን በጉራጌ ምድር በቡታጅራ አቅራቢያ ይዘው ገደሏቸው። የዚያ አገር ሽማግሌዎች ይህን ለልጆቻቸው ሲነግሩ ኖረዋል።

ክፉ መንግሥት በባዕድ ላይ የመዘዘውን ሰይፍ ወደ ገዛ ልጆቹ መመለሱ አይቀርም። ሮሲ ከ1932 ጀምሮ በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነው፣ አዲስ የፊዚክስ ቤት እንዲያሠሩ ታዝዘው ነበር። ፕላኑን አወጡ፤ ሥራውን እየተቈጣጠሩ አስፈጸሙ፤ ቤቱም በ1937 ተመረቀ። በሚያዝያ ወር 1938 ኖራ ሎምብሮሶን አገቡ። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት በመስከረም የሙሶሊኒ መንግሥት በአይሁድ ወገኖች ላይ የዘር ሕግ ስላወጣ፣ ሮሲም ከአይሁድ ወገን በመሆናቸው ራሳቸው ካሠሩት ቤት ተባረሩ። በጥቅምት ወር ባልና ሚስት አገራቸውን ትተው ወደ ዴንማርክ ሄዱ። በዚያ ኒልስ ቦር በመልካም ተቀበሏቸው፤ ቀጥሎም በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ፓትሪክ ብላኬት አስጠጓቸው፤ በ1939 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ቺካጎ ገቡ። ኢጣልያ በአንድ ቀን አዋጅ የጣለችውን ሊቅ ሌሎች አገሮች እየተቀባበሉ አነሡት።

አሜሪካ በደረሱ በጥቂት ወር ውስጥ የእርሳስና የካርቦን ክምር በአውቶቡስ ጭነው ወደ ኮሎራዶ ተራሮች ወጡ። የፈለጉት ዛሬ ሙዎን የሚባለውን ቅንጣት ዕድሜ ለመለካት ነበር። ይህ ቅንጣት ከተወለደ በኋላ የሚኖረው በአማካይ ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ሁለት ያህሉን ብቻ ነው። በዚህ አጭር ዕድሜው ከሰማይ ተነሥቶ ምድር ሊደርስ አይገባውም ነበር፤ ነገር ግን ይደርሳል። ምክንያቱም አይንሽታይን በ1905 እንዳስረዱት፣ እጅግ ፈጥኖ የሚሮጥ ነገር ጊዜው ይዘገይለታል። ሮሲ በተራራው ራስና በዝቅተኛው ሜዳ የሚገኙትን ሙዎኖች ቈጥረው በማስተያየት፣ ፈጥነው የሚሮጡት ረዝመው እንደሚኖሩ በ1941 በቍጥር አሳዩ። በወረቀት ላይ የነበረው የአይንሽታይን ትምህርት በተራራ ላይ ተመሰከረ።

ጦርነቱ ሲበረታ ሮሲ በ1943 የአቶም ቦምብ ወደሚሠራበት ወደ ሎስ አላሞስ ተጠሩ። በዚያም ጨረርን በፍጥነት የሚለዩ መሣሪያዎችን የሚሠራውን ክፍል ይመሩ ነበር። በሐምሌ ወር 1945 የመጀመሪያው ቦምብ በተሞከረ ጊዜ እሳቱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያድግ የለካው መሣሪያ የእሳቸው ነበረ። ነገሩ እንደ ታሰበው ስለ ተፈጸመ ለጥቂት ጊዜ ደስ ቢላቸውም፣ ጸጸትና ጭንቀት ወዲያው ደስታውን ተካው፤ ይህንንም ኋላ በጻፉት የሕይወታቸው ታሪክ ውስጥ አልሸሸጉም። የሊቅ ሰው ክብር ሥራውን አሳምሮ በመሥራት ብቻ እንደማይለካ፣ ሥራው ወደ ማን እጅ እንደሚገባም ማሰብ እንደሚገባው ከዚህ እንማራለን።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1946 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህር ሆኑ፤ በዚያም ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈሩ። ሰው መሣሪያውን ከአየር በላይ መስደድ በጀመረ ጊዜ ሮሲ ወደዚህም ሥራ ፊተኛ ሆነው ገቡ። በ1961 በተላከችው ኤክስፕሎረር 10 በተባለችው ሳተላይት ላይ የእሳቸው ቡድን የሠራው መሣሪያ ከፀሐይ የሚነፍሰውን የቅንጣቶች ነፋስ ለካ። ከዋክብት የራጅ ጨረር ይልኩ እንደ ሆነ እንመርምር ብለው ያነሡትን አሳብ ደግሞ ሪካርዶ ጃኮኒና ባልደረቦቻቸው ተቀበሉት። በሰኔ ወር 1962 አንድ ሮኬት የጋይገር ቈጣሪዎችን ይዞ ለጥቂት ደቂቃ ከአየር በላይ ቆይቶ ሲመለስ፣ ዐቅራብ ከተባለው የኮከብ ጉባኤ በኩል ብርቱ የራጅ ጨረር እንደሚመጣ ታወቀ። በ1928 በአንድ ቱቦና በአንድ ሽቦ የተጀመረው ቈጠራ የሰማይን አዲስ መስኮት ከፈተ።

ሄስ በ1936፣ ብላኬት በ1948፣ ቦተ በ1954፣ ጃኮኒ በ2002 የኖቤልን ሽልማት አግኝተዋል። የአራቱም ሥራ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ከሮሲ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለሮሲ ግን ይህ ሽልማት አልደረሳቸውም። ሌሎች ታላላቅ ክብሮችን፣ ከእነዚህም መካከል በ1987 የዎልፍን ሽልማት ተቀብለዋል። በኅዳር ወር 1993 በ88 ዓመታቸው በአሜሪካ አገር ዐረፉ። አመዳቸው ግን ወደ ፍሎረንስ ተመልሶ፣ የአርቼትሪን ኮረብታ በሚያሳየው በሳን ሚኒያቶ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ተቀበረ። ያባረራቸው መንግሥት ከወደቀ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው፣ የሚከለክላቸው አልነበረም። በ1995 መጨረሻ ወደ ጠፈር የተላከችው የራጅ መመልከቻ ሳተላይትም በስማቸው ተሰየመች።

በሮሲ ዕረፍት ዓመት፣ በ1993፣ በአገራችንም ሕዝብ ከጨረር ጕዳት የሚጠበቅበት አዋጅ ወጣ። አዋጅ ግን ብቻውን አይለካም፤ የሚለካው መሣሪያና መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ነው። የራጅ ባለሙያ በደረቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ትንሽ መለኪያ በጊዜዋ ካልተነበበች ጌጥ ሆና ትቀራለች። ባለሙያው በየቀኑ የሚቀበለውን ጨረር በቸልታ ካለፈው፣ ጕዳቱ የሚገለጠው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ በዚያን ጊዜ ምክር አይረባም። ስለዚህ በየሐኪም ቤቱ የሚደረግ ልኬት የሰው ሕይወት የሚጠበቅበት ሥራ ነውና እንደ ወረቀት ሥራ ሊታይ አይገባውም።

ከዚህም በላይ ሮሲ በመርከብ ተሳፍረው የፈለጉት ከፍታ በእጃችን አለ። ቡታጅራ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ያለው የዘቢዳር ተራራ ከ3,500 ሜትር ያልፋል። አገራችን ለምድር ማግኔት ወገብ ቅርብ በመሆንዋ ነው በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ የተቋቋመው። በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ወይም በቡታጅራ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ወጣቶች ሁለት ቈጣሪዎችን አገናኝተው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ቢያዞሩ፣ ሮሲ በ1933 በአሥመራ ያዩትን በገዛ ዓይናቸው ለማየት ይሞክራሉ። የዚህ ሥራ ዋጋ ከአንድ ድልድይ ዋጋ እጅግ ያንሳል፤ የጉራጌ ሕዝብ ደግሞ ሳንቲም በሳንቲም አዋጥቶ በራሱ ገንዘብ መንገድ ያወጣ ሕዝብ መሆኑ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው።

በ1933 ደጋውና ሰማዩ የእኛና የወንድሞቻችን ሆኖ ሳለ ቈጣሪው ሌላ ነበረ። ዛሬ የሚከለክል ቅኝ ገዥ የለም፤ የትምህርት ቤቱም በር ከአራተኛ ክፍል በላይ ተከፍቷል። ቅንጣቶቹ እንደ ቀድሞው ሌሊትና ቀን በጣራችን፣ በገላችንና በተራሮቻችን ውስጥ ያልፋሉ። የቀረው ቁጭ ብሎ የሚቈጥር ትጉህ ልጅ ነው፤ ወላጆችና መምህራንም ይህን ልጅ መሣሪያ ከማጣት የተነሣ ተስፋ እንዳይቈርጥ ሊረዱት ይገባል።